በታንዲላ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ዙሪክ ውስጥ ጉልበቴን ለሐኪም አሳይቼ ወደ ሰፈሬ ወደ ዜባህ ስመለስ፣ አሥራ አራት ቁጥር ትራም ውስጥ አንዲት ወጣት ጥቁር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ጣሳ አወጣችና እጇን መቀባት ጀመረች። ሽታው እንደደረሰኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የለውዝ ሽታ አለው፣ የጭስ ሽታም አለው። የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚያወጡት ቅቤ ነው። ዛሬ በየሱቁ ቫኒላ ተጨምሮበት፣ በሚያምር ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል፤ እኔ ራሴ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት በዋሊሰለኑ የገበያ አዳራሽ ስንት ጊዜ መደርደሪያ ላይ ደርድሬዋለሁ፣ አንድም ቀን ሆዴን አላባባውም። የልጅቷ ግን እጅ ያልገባበት፣ ከእሳት እንደወረደ ያለው ነበር። ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት። አያቷ ከቡርኪና እንደምትልክላት፣ እሷ ግን የቪንተርቱር ልጅ እንደሆነች በጥሩ የዙሪክ ጀርመንኛ ነገረችኝ። መልኬን አየት አደረገችና "እርስዎም ከዚያ ነዎት?" አለችኝ። "ግማሽ ጎኔ" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ወረደች፤ እኔም መውረጃዬን አልፌ ሄጄ ትራሙ መጨረሻው ጋ ሲቆም ነው የነቃሁት።

እኔ በማውቃት ጊዜ ቡርኪና ስሟ ሌላ ነበር፣ ላይኛው ቮልታ ነበር የምትባለው። የኔም ጉልበት ያኔ ደህና ነበር። የምኖረው ጄኔቭ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ባለው በፓኪ ሰፈር፣ ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በላይ። ወለሉ ከታች በሚመጣው እንፋሎት ክረምት ከበጋ ስለሚሞቅ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ብርዱ ሲጠናበት እኛ ቤት ነበር የሚመጣው። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ከጉልበት በታች የሚሰፋውን ሱሪያቸውን እየጎተቱ ይገባሉ፤ እኛ ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሌንፓሌ ሜዳ ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ በአምስት ፍራንክ የገዛነውን የጸጉር አንገትጌ ያለው ካፖርት ለብሰን ወይዛዝርት እንመስላለን። ቡና ቤት ገብተን አንድ ቡና ለሁለት አዘን ሐይቁን እያየን እናመሻለን፣ አሳላፊው በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ስኒያችንን እያየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዲት ካሴት ነበረችን፣ ክራር ብቻ የተደረደረባት፤ ከጨዋታ ብዛት ክሯ ላልቶ ድምፁ እንደሰከረ ሰው ይጎተታል። ቢሆንም እሷ ስትከፈት ማንም አያወራም ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ የልብስ እጥበት ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ቡናውም አምስት ፍራንክ ገብቷል። አንዱን ለሁለት ማዘዝ የሚያስፈልገው አሁን ነበር።

ጄኔቭ የሄድኩት ለትምህርት ነው፣ ተምሬ ልመለስ። ከዚያ አገር ተገለባበጠ። ተመለሱ የሚል ጥሪ መጣ፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ ሄዱ፣ የት እንደደረሱ እስካሁን የሚያውቅ የለም። እናቴ ጉለሌ፣ ከታናሽ እህቴ ከሰናይት ጋር ነበረች። ያን ጊዜ ደብዳቤ በመንገድ ስለሚከፈት የልቧን አትጽፍም፤ "ደህና ነን፣ ትምህርትሽን በርቺ፣ አትቸኩይ" ብላ ታሳጽፋለች። አትምጪ ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ተደራረበ። ከሥራ ማጣትም፣ ከፔርሚ፣ ከመኖሪያ ፈቃዱ፣ መከልከልም በላይ ሌት ተቀን የምፈራው አንድ ነገር ነበር። እናቴ እኔ ሳልኖር ሞታ፣ እኔ በሰው አገር፣ እሷን በማያውቅ ሰው መካከል ሆኜ እንዴት አድርጌ አለቅስላታለሁ የሚል ፍርሃት ነው። ይሄ ፍርሃት ለማንም አይነገርም፣ ሟርት ይሆናላ።

ደግሞም የፍርሃቴ ምክንያት ዓይኔ ሥር ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ጋሼ ዘውዴ፣ የጉለሌ ሰው፣ ለእናቴም ጎረቤት የነበረ፣ በንጉሡ ዘመን ትልቅ ጸሐፊ፣ በጄኔቭ ዘመን የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ፣ የስደተኛው ሁሉ መርዶ ነጋሪ እሱ ነበር። ሥራውን ያውቅበታል። ከአገር ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ እሱ ጆሮ ይደርሳል። ይይዘዋል። ሰውዬው ፈተና ካለበት እስኪፈተን፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ፣ ብቻውን የሚኖር ከሆነ ወገን እስኪሰበሰብለት በሆዱ ይዞት ይዞራል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ደጅህ ላይ ታያለህ። አንዱን ልጅ አባቱ ከሞተ ከዓመት በኋላ ነው ያረዱት፤ በመሐል ለአባቱ ሹራብ ገዝቶ ልኮ ነበር። ጋሼ ዘውዴን ይህን ያህል መደበቅ ልክ ነው ወይ ስንለው "መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም" ይለናል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል።

ታዲያ አንድ ቀን የፈረንጆቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። በላይኛው ቮልታ ታንዲላ በምትባል መንደር ለሁለት ዓመት በነፃ የሚያገለግሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሴቶች ይፈለጋሉ ይላል። መብልና መኝታ ይሰጣል፣ ደመወዝ የለም። ፔርሚዬ እንዳይቃጠል እንጽፍልሻለን አሉኝ። እውነቱን ለመናገር በጎነት አልነበረም የወሰደኝ። አፍሪካ አይደለም እንዴ፣ ወደ አገሬ ቀረብ እላለሁ ብዬ ነው። በኋላ ካርታ ላይ በክር ብለካው ያን ያህልም አልቀረብኩም።

የተላክነው ሁለት ነበርን፣ እኔና ቨሬና የምትባል፣ ከዙሪክ አጠገብ የአድሊስቪል ልጅ። የመንደሩ ሰው ሁለታችንን ሲያይ ወዲያው ሥራ ከፋፈለን፤ ፈረንጇ ትጻፍ፣ ጥቁሯ ትሥራ ተባለ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። እኔ የጉለሌ ልጅ፣ ውኃ ከቧንቧ እንጂ ከጉድጓድ ሲወጣ አይቼ የማላውቅ፣ ገመዱን ስስብ እጄ ተላጠ፤ እንጨት ለኩሺ ሲሉኝ ዓይኔን በጭስ አጠፋሁ። ቨሬና የገበሬ ልጅ ናት፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ፍየሏን ታልባለች፣ አካፋውን እንደ ወንድ ትይዘዋለች። የመንደሩ አሮጊቶች እየተጠቃቀሱ ይስቁ ነበር። ይቺ ጥቁር ያደገችው ፈረንጅ ቤት ነው፣ ያቺ ፈረንጅ ደግሞ የኛ ልጅ ናት ብለው ደመደሙ፤ ይህን ለማስተባበል ዓመት ፈጀብኝ።

ሌላው ጉድ የዶሮው ነው። በደረስን ማግስት ሐዋ የምትባል፣ በኋላ ላወጣነው የአትክልት ቦታ የሴቶቹ አለቃ የሆነች፣ ያረፍነው እሷ ግቢ ነው፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን ነጭ ዶሮ ባሏን አሳርዳ በማሽላ ገንፎ አቀረበችልን። ሰዎቹ እስላሞች ናቸው። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ስጋ ባጣም የእስላም ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትለኛለች ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሐዋ ታምሜ መሰላት። ምክንያቱን በምልክትና በፈረንሳይኛ ሳስረዳ፣ ይቀየሙኛል ስል፣ ሐዋ ትንሽ አሰበችና ቨሬናን ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢው ውስጥ ለእኔ የሚታረደውን ዶሮ ሁሉ ያረደችው ቨሬና ናት። ፕሮቴስታንት መሆኗ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፣ በስመ አብ በይ ብያት በላሁ።

ሥራችን ምን ነበር ብትሉ ብዙ ነገር ነበር። ከወንዙ ደረቅ አሸዋ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በእሾህ አጥረን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበቅልበት የሴቶች አትክልት ቦታ አወጣን። ሐሙስ ሐሙስ ሕፃናትን ኒም ዛፍ ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን እንመዝናለን። ለእናቶች መውለጃ የሚሆን ቤት በጭቃ ጡብ ሠራን። ጡቡ የተሠራው ልክ እንደኛ ደቦ ነው፤ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ ሌላው ጭቃ ይረግጣል፣ ሴቶቹ ውኃውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው በተርታ ይመጣሉ። ከበሮው ከቆመ ሥራው ይቆማል። እኔ ከጄኔቭ ትምህርቴ ያመጣሁትን የሥራ ድልድል ላስገባ ሞክሬ ነበር፣ ማን በየትኛው ቀን ውኃ እንደሚቀዳ ለየብቻቸው ነግሬ። ማግስቱን አንድም ሴት አልመጣችም። ሐዋ ቤቴ መጥታ ሴት ብቻዋን ውኃ የምትቀዳው ከጎረቤት የተጣላች እንደሆነ ነው፣ ተራ ስትሰጫቸው አጣላሽን አሉ ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ድልድል የሚባል ነገር አላነሳሁም።

ሐዋ ስንት ዓመቷ እንደነበር አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ረዥም ናት፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። "ሽ" የሚለው ድምፅ በቋንቋቸው ስለሌለ ስሜን የሺ ማለት አቅቷት የሲ ትለኝ ነበር፤ መንደሩም እሷን ተከትሎ የሲ አለኝ። የሺአውን ቅቤ የምታወጣው በዝናቡ መባቻ ነው። ፍሬውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ እስከ ክንዷ ድረስ ዕቃው ውስጥ ነክራ ታሻለች፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ አሽ ነበር። ስናሽ እናቴን ትጠይቀኛለች። ቁመቷ ምን ያህል ነው፣ ስንት ወለደች፣ ቁጡ ናት? እናቴ ዘንድ ደርሳ የተመለሰች ያህል ታውቃት ነበር። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ጄኔቭ እያለሁ እናቴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሁሉም የየራሱ እናት ነበረችበት።

በሁለተኛው ክረምት ቨሬና የወንድሟን ሠርግ ልትበላ አገሯ ሄደች። ለጋሼ ዘውዴ ቁርጥማት ይሆነዋል ብዬ የሺአ ቅቤ በቅል ሰጥቼያት፣ መንገዷን በጄኔቭ አድርጋ አደረሰችልኝ። እሱ ቅቤውን ተቀብሎ ምን እንዳላት ያወቅኩት በኋላ ነው። የየሺ እናት በአጭር ሕመም አርፋለች፣ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ ሰው ነገረን፣ ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት አላት። አንቺ ባዕድ ነሽ፣ እዚያ ወገን የላትም፣ ስትመለስ ተሰብስበን እኛው እናረዳታለን። አስማላት። ቨሬና እነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደበቅ ብትነግረው፣ የእናንተ አገር ሬሳም በቀጠሮ ነው የሚቀበረው ብሎ ዘጋት። በዚያ ላይ ስትመለስ የምትይዘው ካሴት ሰጣት። የጄኔቭ ልጆች ሁሉ ተራ በተራ ድምፃቸውን ቀድተው ሰላምታ ልከውልኛል፤ በመጨረሻ ጋሼ ዘውዴ ራሱ "እናትሽ ደህና ናት፣ ትስምሻለች" ይላል።

ያቺን ካሴት ኒሙ ሥር ተቀምጬ በባትሪ ቴፓችን ስንቴ እንደሰማኋት። ጋሼ ዘውዴ እናትሽ ደህና ናት ሲል መልሼ ደግሜ አስብለዋለሁ። ቨሬና ካሴቷ በተከፈተች ቁጥር ብድግ ብላ ትሄድ ነበር። መብሏን ቀነሰች፣ ዓይኔን ማየት ተወች። አገሯ ሄዳ ወንድ ወዳ መጣች መሰለኝ፤ አሾፍኩባት፣ ሐዋንም ነግሬ አብረን ሳቅንባት። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ውሸት አትችልም፤ ውሸት ሲያስተምሩ እሷ ላም ስታልብ ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ ሲጨንቃት ለሐዋ ነገረቻት። ሐዋ የመለሰችላትን ቨሬና እስከዛሬ አትረሳውም። "የሞተች እናት ልጇ ካላወቀችላት መንገዷን አትሄድም፣ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃለች" ነው ያለቻት።

ማለዳ ነው። ውኃ ልቀዳ ባልዲዬን ይዤ በሬን ከፈትኩ። ግቢው ሙሉ ሴት ነው። የአትክልት ቦታው ሴቶች ሁሉ፣ እንስራቸውን ከጎናቸው አኑረው፣ መሬት ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። የታንዲላ ሰው ሰላም ሲባባል እንዲህ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ቤትህ፣ ስለ ከብትህ ሳይጠይቅህ አያልፍህም። ያን ቀን ግን ማንም ሰላም አላለኝም። እነሱ በማለዳ የመጡት ከዚያ በኋላ እርሻ ስለሚወርዱ ነው፣ የኛን አገር ደንብ የነገራቸው ሰው የለም። እኔ ግን ጉለሌ ያደግኩ ነኝ። ገና ሳይነጋ ዝም ብሎ ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

"እናቴ ናት?" አልኩ፣ በአማርኛ።

ሐዋ አማርኛ አታውቅም። ተነሥታ መጣችና ባልዲዬን ከእጄ ወሰደች።

ስወድቅ ስነሣ የነበረውን አላስታውስም። የማስታውሰው እርሻ የወረደ ሰው እንዳልነበረ ነው፤ ማረሻ የሚያስይዝ ዝናብ ዘንቦ ሳለ መንደሩ ለእኔ ሲል ቤት ዋለ። ሽማግሌዎቹ ኮላ የሚባለውን መራራ ፍሬ በሳህን ይዘው መጥተው አጠገቤ አኖሩ። ኢማሙ በራሳቸው ጸሎት አደረጉ፣ ሲጨርሱ ደግሞ አንቺም በራስሽ ጸልዪ አሉኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ሰው ሁሉ ሳይገባው እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። የሐዋ ባል ፍየል አረደ። ምሳ ሲቀርብ ቨሬና ወደኔ ጎንበስ ብላ "እኔ አይደለሁም ያረድኩት" ልትለኝ ስትጀምር እጇን ያዝኳት። ከሰዎቹ ጋር በላሁ። እናቴ ይቅር ትለኛለች፣ ለሷ የታረደ ነው።

በሣልስቱ ይመስለኛል፣ ሐዋ እህል ከተፈጨ በኋላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በኛ አገር የሟች ልብስ እየታየ ሙሾ እንደሚወርደው ሁሉ በነሱ ደንብ ሟች ስትለቀስ ከሴቶቹ አንዷ የሟችን ልብስ ለብሳ እንደሷ ትሄዳለች፣ እንደሷም ትናገራለች። ሰው እያለቀሰም እየሳቀም ይሰናበታታል። እናትሽን ያየ ሰው እዚህ የለም፣ ስለዚህ አንቺ አስተምሪኝ አለችኝ። እንዴት ነበር የምትሄደው? ተነሥቼ አሳየኋት፤ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ የቤት ቁልፎቿን መቀነቷ ላይ አስራ ስትራመድ ታንሿሿለች፣ ቆም ስትል እጇ ወገቧ ላይ ነው። ለሐዋ እናቴን ሳሳይ መጀመሪያ እናቴን የሆንኩት እኔ ነበርኩ፣ ገርሞኝ ራሴ ቆምኩ። ከውጭ ስትገቢ ምን ትልሽ ነበር? አለችኝ። ሳመሽ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፣ "እስካሁን የት ነበርሽ?" ነው የምትለኝ አልኳት። ቃሉን ደጋገመችው። "ሽ"ዋን አልቻለቻትም፣ ነበርስ ነው የምትለው፤ ግን ቁጣው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው ነገር፣ እናቴ ሳትሆን አትቀርም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ግቢውን ሞላ። አውሮፕላን ጣቢያ ስንለያይ እናቴ ከትከሻዋ አውርዳ የሰጠችኝን ነጠላ ለሐዋ አለበስኳት። ከግቢው በር ገባች። ግራ እግሯን ትጎትታለች። የመውለጃ ቤቱን ቁልፎች ወገቧ ላይ አስራ ታንሿሿቸዋለች። ሴቶቹ "መጣች፣ የየሲ እናት መጣች" እያሉ እልል አሉ። ሕፃናቱን አየች፣ አንዱን ጉንጩን ቆነጠጠች፣ የሽማግሌዎቹን ኮላ አንሥታ በላች፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ እናቴ እንዲያ ናት፣ የሰው ዕቃ ላይ አታፍርም። ከዚያ ዞር ስትል እኔን አየችኝ። ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"እስካሁን የት ነበርስ?"

መልስ አልነበረኝም። ከተለየኋት ጀምሮ ያልወጣልኝ ልቅሶ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ ሐዋም ነጠላውን አልብሳኝ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሴቶቹ ከበቡኝ፣ እስከ ምሽት አለቀስን። እናቴን አንድም ቀን ሳያዩ እንደ ጎረቤታቸው አለቀሱላት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል እሰማ ነበር፣ እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ዘመኔ አልቆ ጄኔቭ ስመለስ የሆነውን ደግሞ ስሙልኝ። በደረስኩ በሳምንቱ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጋሼ ዘውዴ ጥቁር ክራባት አስሮ፣ ከኋላው የፓኪ ሐበሻ ሁሉ፣ ከሎዛን ድረስ የመጡም አሉ፣ ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ታዲያ አሁን ማን ሞተ? ሰናይት ናት! ጮኼ ወደቅኩ። እነሱ እኔ እንደገባኝ ቆጥረው እሪ አሉ። ጋሼ ዘውዴ እንደ ደንቡ አንገቱን ደፍቶ "እናትሽ..." ሲል ቀና አልኩና ሰናይትስ ብዬ ጠየቅሁት። ሰናይትማ ደህና ናት አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ ሳቅሁ። ሴቶቹ ጭንቅላቷ ተነካ ብለው ውኃ አመጡ።

"እናቴን ሰምቻለሁ፣ አልቅሼላታለሁ" አልኳቸው።

"ማን አረዳሽ?" አለኝ ጋሼ ዘውዴ። ተቆጥቷል። የራሱን ሥራ የነጠቁት ያህል ነው የተሰማው።

"ታንዲላ።"

"እዚያ ምን ወገን አለሽና?"

ሐዋን ነገርኩት። ነጠላዬን ለብሳ እንደገባች፣ ቁልፎቹን፣ ኮላውን። እንዴት ነበር የሄደችው አለኝ። ተነሥቼ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በሰዎቹ መካከል፣ ግራ እግሬን እየጎተትኩ እስከ መስኮቱ ሄጄ ዞርኩ። ጋሼ ዘውዴ እናቴን ከልጅነቷ ያውቃታል። "ራሷ ናት" አለና ክራባቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሊያረዱኝ የመጡት ሁሉ ከእሱ ጋር አለቀሱ፤ እኔ ነበርኩ የማጽናናቸው። አሁን እሱም የለም፣ ነፍሱን ይማር።

ከዚያ በኋላ ቨሬና አገሬ ነይ፣ ሥራ አለ ብላ ወደ ዙሪክ አመጣችኝ፣ ይኸው ዜባህ አረጀሁ። ሐዋ የሞተች ጊዜ ቨሬና ወሬውን በሰማችበት ሰዓት ነው የደወለችልኝ፣ ምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ፣ ያለ መግቢያ። በሕይወት ሳለች ሄጄ ላያት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፣ ግን ደርግ ወድቆ የአገር ቤቱ መንገድ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ጉለሌ መሄድ ነበረብኝ። ሄድኩ። የእናቴ መቃብር ላይ ዘመድ ሁሉ ሲያለቅስ የእኔ እንባ አልመጣ አለ፤ ፈረንጅ አገር ልቧን አደረቀው ብለው ሲያሙኝ ሰምቻለሁ። ሰናይትን ግን ለብቻዋ ይዤ አንድ ነገር ጠየቅኳት። የእናቴ ድምፅ ከጠፋብኝ ቆይቷል። ልሰማት ስፈልግ የሚመጣልኝ የሐዋ ድምፅ ነው፣ ከነ "ነበርስ"ዋ። እማዬ ደጅ ላይ ቆማ እስካሁን የት ነበርሽ ስትል እንዴት ነበር የምትለው፣ እስቲ እንደሷ አድርገሽ በይልኝ አልኳት። ሰናይት ግራ ገብቷት አየችኝ።

"እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም" አለችኝ። "እኔ የት ሄጄ?"

ልቅሶ ያጣሁት ሴት ያኔ አለቀስኩ። ሰናይት ቡና ልታፈላ ገባች፣ እኔ የግቢው በር ላይ ብቻዬን ቀረሁ። በሩ ያው የቆርቆሮ በር ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተለውጧል። እዚያው ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን ጠበቅኳት፤ እግሯን እየጎተተች፣ ቁልፏን እያንሿሿች መጣች፣ በዚያው በሐዋ ድምፅ ጠየቀችኝ። በዚህኛው ጊዜ መልስ ነበረኝ። "መጣሁ" አልኳት፣ ጮክ ብዬ ኖሯል። "ማንን ነው የምታናግሪው?" አለችኝ ሰናይት ከውስጥ። ማንን እንደምላት ቸገረኝ።